ጋሽ ቶለሳ እንዳይነሡ

ስቴፐር ሞተር የሚባለውን ነገር የማታውቁ ካላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ፀጉራችሁ ዘግይቶ ይሸብታል። የምታውቁት ደግሞ ስሙን ገና ስታነቡ ትከሻችሁ እንደከበዳችሁ ይገባኛል። ለማያውቁት ላስረዳ። ሞተር ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው የወፍጮውን ወይም የውሃ መሳቢያውን ነው። መብራት ሲሰጡት ይዞራል፣ ሲነሡት ይቆማል፣ ከዚያ ውጪ ከሰው ጋር ነገር የለውም። ስቴፐር ግን የሚዞረው በእርምጃ ነው። «ይህን ያህል እርምጃ ሂድ» ትሉታላችሁ፤ ትንንሽ እርምጃዎቹን እየቆጠረ ይሄድና ይቆማል። ጨዋ ነው፣ ታዛዥ ነው። ጉዱ ዓይን የሌለው መሆኑ ነው። መብራት ሲጠፋ ሻማ ፍለጋ እርምጃውን እየቆጠረ ወደ ቁም ሣጥኑ መሳቢያ እንደሚሄድ ሰው ነው። መንገድ ላይ ወንበር ቢያደናቅፈውም ቆጠራውን አያቋርጥም። «ደርሻለሁ» ብሎ እጁን ይዘረጋና በመሳቢያው ፈንታ የሚስቱን አፍንጫ ጎትቶ ሊከፍት ይታገላል። እርምጃ መሳት የሚባለው ይኼው ነው።

እኔ እንግዲህ የምኖረው አዳማ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት ማሽን ስጠግን ቆይቼ፣ «ማሽን ከሰው ይሻላል፣ ቢያንስ አያማም» የሚል የሞኝ ሐሳብ አደረብኝና የራሴን ሥራ ጀመርኩ። ግቢዬ ውስጥ ቆርቆሮ ከለል አድርጌ፣ ሞተሮቹን አስመጥቼ፣ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን በገዛ እጄ ገጣጠምኩ። ኮምፒውተር ላይ የሣልኩትን አበባ ማሽኑ በፑንታው፣ ማለትም በሚሽከረከረው ስለቱ፣ እየፋቀ እንጨት ላይ ያወጣዋል። የሰፈሩ ሰው «ሮቦቱ» ይለዋል። ባለቤቴ ህይወት ግን «ያ አልቃሻህ» ነው የምትለው፤ ምክንያቱን አሁን ትሰሙታላችሁ።

ማሽኑ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ የሠራልኝ በያጅ ወዳጄ ነው። ከቱቦላሬ ማለትም ውስጡ ባዶ ከሆነው ካሬ ብረት በየደው። ብረት ሲተርፈው ደግሞ «ደንበኛ ይቀመጥበታል» ብሎ ከጠረጴዛው ጎን አግዳሚ ወንበር አስወጣለት። ጠረጴዛውና አግዳሚው አንድ አካል ሆኑ ማለት ነው። ሲያስረክበኝ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ስማው፣ እንደ ደወል ነው!» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ መታሁት። እውነትም እንደ ደወል ነበር። የሚያሳዝነው ነገር ቢኖር ማሽንን ደወል ላይ አስቀምጦ የሚያሠራ ሰው በዓለም ላይ ከእኔ በቀር አለመኖሩ ነው።

ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሄድ ሰላም ነው። ፈጠን ሲል ግን አንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ይደርስና ማልቀስ ይጀምራል። እርምጃዎቹ ጠረጴዛው በተፈጥሮው ከሚንቀጠቀጥበት ምት ጋር ይገጥማሉ። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ ሲመለስ እየጠበቃችሁ ገፋ ገፋ ብታደርጉት ሰማይ እንደሚነካው ሁሉ፣ ሞተሩ ጠረጴዛውን ይገፋል፣ ጠረጴዛው ሞተሩን ይመልሰዋል፣ ሁለቱ ተያይዘው ያብዳሉ። የተማሩት ሬዞናንስ ይሉታል። ህይወት የምትለውን እዚህ አልጽፈውም። ቤት ውስጥ ብርጭቆው ይንጫጫል፣ ውሻው ግድግዳ ሥር ይገባል፣ ሞተሩ በዚያ ሁሉ ወከባ መካከል እርምጃውን ይስታል። ክብ ቅረጽ ብዬ ሳዘው ክቡ መጨረሻው ከመጀመሪያው ሳይገናኝ ይቀራል።

ያላደረግኩት የለም። የሞተሩን ጉልበት ጨመርኩለት፤ ባሰበት። ቀነስኩለት፤ ደከመው። እርምጃዎቹን ከፋፍዬ ይበልጥ ትንንሽ አደረግኳቸው፤ ለቅሶው ቀጠነ እንጂ አልቆመም። በጣም ሳዘገየው ደግሞ ፑንታው እንጨቱን መፋቁን ትቶ ያሸው ጀመር፤ እንጨቱ ጠቁሮ ጢሱ ወጣ፣ ጎረቤት «ምን እየጠበሳችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻ ከአልቃሻው ፍጥነት ከፍ ብሎ ያለ ጥሩ ፍጥነት አገኘሁና በዚያው ጸናሁ። ቀጥታ መስመር ላይ ማሽኑ የተባረከ ሆነ። የበር ክፈፍ፣ የመደርደሪያ ጠርዝ፣ ካሬ ነገር ሁሉ እንደ ምላጭ ወጣ። እኔም ለሰው ሁሉ «አሁን ሬዞናንስ የሚባል ነገር እኔ ዘንድ የለም» ብዬ አወራሁ። ጠምዛዛ ነገር የሚያዘኝ ሰው ገና አልመጣም ነበርና።

የመጡት ጋሽ ቶለሳ ናቸው።

ጋሽ ቶለሳ ወንጂ ስኳር ተክል ውስጥ ሸንኮራ የሚጎትት ትራክተር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የምናመልክ ትልቅ ሰው ናቸው። በዕድሜም ትልቅ ናቸው፣ በአካልም ትልቅ ናቸው፤ ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ ሹፌሩ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ጨዋነታቸው ደግሞ ከአካላቸው ይበልጣል። ሰው ሲገባ ይነሣሉ። ይህ የሁላችንም ወግ ነው ትሉኝ ይሆናል። አይ! እኛ የምንነሣው መነሣት ላለብን ሰው ነው፤ ለሌላው ከመቀመጫችን ትንሽ ከፍ ብለን «ኖር» እንልና እንመለሳለን። ጋሽ ቶለሳ ግን ለትልቅም ለትንሽም እስከ መጨረሻው፣ ቁመታቸው እስኪያልቅ ድረስ ይነሣሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእርሳቸው ኋላ የሚቀመጥ ሰው መድረኩን በወጉ አይቶት አያውቅም፤ አርፍዶ ለሚገባው ሁሉ ሲነሡ ነው የሚያልቀው።

እኒህ ሰው አንድ ቀን ቤቴ መጥተው፣ «ልጄ፣ የሌንሴ ሰርግ ደርሷል» አሉኝ። ሌንሴ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። «አልጋውን የሙሽራው ወገን አሠርቷል። ራስጌውን ግን እኔ ልስጥ ብዬ ለምኛለሁ። እንጨት አለኝ።»

እንጨቱ ዋንዛ ነው። ወንጂ ሲኖሩ ከቤታቸው ፊት የነበረ ዛፍ ነው። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ጌታ በሰላም ያሳርፈውና፣ ልጆቻቸውን ሁሉ ያሳደጉት ከዚያ ዛፍ ሥር ነው። እዚያ ይፈትላሉ፣ እዚያ ምስር ይለቅማሉ፣ ሌንሴን እዚያ ያስተኛሉ። ዛፉ በንፋስ ሲወድቅ ጋሽ ቶለሳ ለምነው ከግንዱ አንድ ሳንቃ አስወጡ። ቤት በለወጡ ቁጥር ሳንቃውን ይዘው እየዞሩ፣ አልጋቸው ሥር እያደረቁ፣ ለዚህ ቀን አቆዩት።

«እናቷ ለሰርጓ አልደረሰችም» አሉኝ። «ዛፏ ይድረስላት ብዬ ነው። ሸንኮራ ቅረጽበት። ቅጠሉ እንዲህ ጎንበስ ያለ።» በትልቁ እጃቸው አየር ላይ ጠምዛዛ ሣሉልኝ።

ቀጥታ መስመር ላይ ያለው ጨዋ ማሽኔ ጠምዛዛ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ለመጠምዘዝ አንዱ ሞተር ሲፈጥን ሌላው መዘግየት አለበት። ሲዘገይ የግድ በዚያ በአልቃሻው ፍጥነት በኩል ያልፋል። ቅጠሉ በታጠፈ ቁጥር ያልፍበታል። ይህን እያወቅኩ ምን ብዬ መለስኩ መሰላችሁ? «ምንም ችግር የለም ጋሼ!» አልኩ። አፌ ከእኔ ጋር ተማክሮ አያውቅም።

ሰርጉ እሑድ ነው፤ አልጋው ዓርብ ይገጠማል። ረቡዕ ርካሽ ቺፑድ እንጨት ላይ ሞከርኩ፤ ሸንኮራው የንፋስ አደጋ የደረሰበት መሰለ። ሐሙስ ጠዋት እያላበኝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የፍጥነቱን ቁጥር እየለዋወጥኩ፣ ማሽኑ እያለቀሰ፣ እኔም ልቀላቀለው ስል፣ ጋሽ ቶለሳ ሳንቃቸውን በአንሶላ ጠቅልለው ከች አሉ።

«አካም ጂርታ ልጄ!»

«ነጋ ጋሼ፣ ክብር ለጌታ ይሁን! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።» አግዳሚውን በእጄ ጠረግኩላቸው። ሌላ መቀመጫ የለም።

ተቀመጡ። ልክ በዚያች ቅጽበት ማሽኑ ዝም አለ። መሥራቱን አላቆመም፤ ለቅሶውን ነው ያቆመው። ቅጠሉ ይታጠፋል፣ ሞተሩ ይዘገያል፣ ይፈጥናል፣ ሁሉም በሹክሹክታ ነው። የሙከራው ሸንኮራ ሲያልቅ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ፀጉር የማያስገባ ሆኖ ተገናኘ። ከዚያ በፊት አንዲት ቁጥር ለውጬ ነበርና፣ «አገኘሁት!» ብዬ ጮኽኩ። ጋሽ ቶለሳም «ክብር ለጌታ!» አሉ። ራሴን እንዴት እንዳደነቅኩት አትጠይቁኝ። ሥራዬን ለሰው ለማስተማር ሳይቀር አሰብኩ።

እንግዲህ ዋንዛውን ጠረጴዛው ላይ አሰርኩና ጀመርኩ። ጥሩ ሄደ። ጋሽ ቶለሳ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በሚወጣው ብናኝ ሽታ የድሮ ቤታቸውን እያስታወሱ ያያሉ። እንዲህ ሆነን ሳለ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ወንፊት ልትመልስ መጣች።

«ኖር!» አሉ ጋሽ ቶለሳ፣ ቀጥ ብለው ተነሡ።

«ኧረ በማርያም! ይቀመጡ!» አለች እትዬ አስካለ። ማሽኑም በዚያው ቅጽበት ጮኸ። ዓይነቱን የማላውቀው ጩኸት ነው። ዘልዬ የማቆሚያውን ቁልፍ መታሁት። ሳየው ፑንታው መንገዱን ስቶ ነበር፤ ደግነቱ የሳተው ተፍቆ በሚጣለው ቦታ ላይ ነበር። ጋሽ ቶለሳ ወንፊቱን ተቀብለው፣ እትዬ አስካለን ሸኝተው፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ማሽኑን ከሳንቃው ጥግ ጀምሮ እንደገና አስቆጥሬ ቀስ ብዬ አስነሣሁት። በሹክሹክታ ሄደ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ያቺ ቁጥር ምንም አልሠራችም። ያንን ደወል የሆነ ጠረጴዛ ጸጥ ያሰኙት የተቀመጡበት ጋሽ ቶለሳ ናቸው።

አሁን እናንተ «ድንጋይ አትጭንበትም ነበር?» ትሉ ይሆናል። ጭኛለሁ! እርሳቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ ማሽኑን አቁሜ ብሎኬት ደረደርኩበት። ፑንታውን አየር ላይ አድርጌ ሞተሩን ስሞክረው ብሎኬቶቹ ራሳቸው ብርድ እንደያዘው ሰው ጥርስ ይንገጫገጩ ጀመር። እኔም ተቀመጥኩበት፤ ማሽኑ መቀመጤን አላወቀም። ህይወት የምታበላኝ የት እንደሚገባ አይታወቅም። አሸዋ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩ ትዝ ያለኝ ከሰርጉ በኋላ ነው። ዛሬ ቱቦላሬው ውስጡ ጢም ብሎ አሸዋ ተሞልቶ ማሽኑ ትንፍሽ አይልም። በዚያ ሐሙስ ግን ያለኝ አሸዋ ጋሽ ቶለሳ ብቻ ነበሩ።

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?» ትላላችሁ ደግሞ። እንዴት ተብሎ ይነገራል? አባቴን የሚያህል ሰው፣ የሙሽራ አባት፣ «ጋሼ፣ እርስዎን ያስቀመጥኩዎ ለክብርዎ አይደለም፣ ለክብደትዎ ነው» ይባላል? ሞከርኩ። አፌን ከፈትኩ። «ጋሼ…» አልኩ። «አቤት ልጄ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ሻይ ይጨመርልዎ?» ብዬ ዘጋሁት።

የቀረኝ ሰው እንዳይገባ ማድረግ ነው። ወደ ህይወት ሮጥኩ።

«ዛሬ ማንም እንዳይገባ። በር ላይ መልሻቸው።»

ህይወት የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች። «ሰርግ በደረሰበት ሳምንት፣ ጋሽ ቶለሳ እዚህ እያሉ፣ ሰው ከደጄ ልመልስ? እኔን?»

«ማሽኑ…»

«ማሽኑ ነው እንግዲህ ነገ ለቅሶ የሚደርስልህ?»

በመጨረሻ ተስማማን፤ የመጣውን ሁሉ ወደ ዋናው ቤት አስገብታ ታቆያለች። አቆየቻቸውም። ጋሽ ቶለሳ እኛ ቤት መሆናቸው ሲወራ ሰላም ልበላቸው የሚል በዛ። ዳቦው አለቀ፣ ሻይ እንደገና ተጣደ፣ ቤቴ ውስጥ ምክንያቱን የማያውቅ ድግስ ተጀመረ። እኔ በዚህ በኩል በአንድ እጄ የማቆሚያውን ቁልፍ፣ በሌላው የአቧራ መምጠጫውን ቱቦ ይዤ፣ በአንድ ዓይኔ ፑንታውን፣ በሌላው በሩን አያለሁ።

ሁሉንም ግን ማቆየት አይቻልም። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰው በጓሮ በር ገባ፤ ቆጣሪው የተሰቀለው ማሽኑ ካለበት ግድግዳ ላይ ነው። ጋሽ ቶለሳ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ሲጫኑ አየሁ። ብናኝ ልመጥ ብዬ ከቁልፉ ርቄ ነበር። ምን አደረግኩ? ለማመን ይከብዳል፣ በሽማግሌ ትከሻ ላይ እጄን ጭኜ ቁጭ አደረግኳቸው!

«ምነው ልጄ?» አሉኝ ደንግጠው።

«ብናኝ… ብናኝ ነበር ጋሼ» ብዬ ትከሻቸውን አራገፍኩ። ማራገፍ ከጀመርኩ አይቀር ጀርባቸውንም አራገፍኩ። ቆጣሪ አንባቢው አይቶን፣ ቆጣሪውን አንብቦ፣ በመጣበት በር ወጣ።

ትንሽ ቆይቶ ስልካቸው ጠራ። መጋቢያችን ናቸው። ጋሽ ቶለሳ መጋቢን በስልክም ቢሆን የሚያናግሩት ቆመው ነው። ይህን በጊዜ ስላወቅኩ ቁልፉ ላይ ደረስኩ። ፑንታው በቆመበት እየዞረ እንጨቱን አጥቁሮ ትንሽ ጠባሳ ተወበት። አልከፋኝም፤ ጠባሳው በመጨረሻው ዙር ይጠፋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ትልቁ ፑንታ ብዙውን እንጨት ጠርጎ ያነሣል፣ በመጨረሻው ዙር ቀጭኑ ፑንታ እያንዳንዱን ቅጠል ተከትሎ ያጠራዋል። ቀድሞ የተሠራው ጥፋት ሁሉ በዚያ ዙር ይታጠባል። በዚያ ዙር የሚሠራ ጥፋት ግን የሚያጥበው የለም። እርምጃ ቢስት ቅጠሉ ይቆረጣል፤ ላቁመው ቢሉ ፑንታው የቆመበት ቦታ ይቃጠልና ምልክቱ ሙሽሮቹ እስኪያረጁ ራስጌያቸው ላይ ይኖራል።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ዙር ጀመርኩ። አቶ ዘለቀ የመጡት ያኔ ነው።

አቶ ዘለቀ የሙሽራው አባት ናቸው። ቢሾፍቱ የታወቁ የእህል ነጋዴ፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ፣ ቆፍጣና ሰው ናቸው። ስለ እርሳቸው የሚወራው ብዙ ነው። ለቅሶ ቤት ገብተው አንድ ሰው ስላልተነሣላቸው ድንኳኑን ለቀው ወጡ ይባላል። የወጡት ከራሳቸው አጎት ለቅሶ ነው ይባላል። እኔ አላየሁም። ያየሁት ሽምግልናውን ነው፤ እርሳቸውና ጋሽ ቶለሳ አንዱ ሲነሣ አንዱ «ኧረ ይቀመጡ» ሲል፣ እርሱ ሲቀመጥ ያኛው ሲነሣ፣ ሽማግሌዎቹ ተስፋ ቆርጠው ነገሩን ቆመው ጨረሱት። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ሲገናኙ ከሰላምታው አልፈው ሌላ ነገር ማውራት የቻሉበት ቀን የለም።

ድምፃቸውን ከግቢ ሰማሁ። «ጋሽ ቶለሳ እዚህ ናቸው አሉ። የራስጌውን ልክ ከአልጋው ጋር ላስተያይ ብዬ ነው።» ህይወት «እስቲ መጀመሪያ ቤት ይግቡ፣ ሻይ…» ስትል ሰማሁ። «ቤት ኋላ እገባለሁ፣ አማቼን ሰላም ልበል» አሉ። ጫማቸው ተሰማ። ባርኔጣቸው በሩ ላይ ታየ።

ጋሽ ቶለሳ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጫኑ።

«ጋሽ ቶለሳ! እንዳይነሡ!»

ይህን የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌ ላይ፣ አማቹ በር ላይ ቆሞ፣ ሜዳ ላይ ኳስ እንደሚጣራ ሰው ጮኽኩ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ማሽኑ በሹክሹክታ መቅረጹን ቀጥሏል። ከዚህ በኋላ የምደብቀው ምን አለ? ተናዘዝኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲነሡ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ሲንቀጠቀጥ ሞተሩ እርምጃ ይስታል። ከጠዋት ጀምሮ ይህን ሥራ ይዘው ያቆዩት እርስዎ ነዎት። አሁን ማቆምም አይቻልም፣ የመጨረሻው ዙር ነው። ከተነሡ ዋንዛው ይበላሻል!»

ጋሽ ቶለሳ ወደ ሳንቃው ዞሩ። ፑንታው አንዱን ረጅም ቅጠል ጀምሮ ገና መታጠፊያው ላይ ነው። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። ሰውነታቸው ሁሉ ሊነሣ ፈልጎ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ዕድሜውን ሙሉ የተነሣ ጉልበት «ቁጭ በል» ሲሉት አይሰማም። ጣቶቻቸው የአግዳሚውን ጠርዝ ጨበጡ። እኔ ደግሞ የአቶ ዘለቀን ፊት እያየሁ በልቤ የአጎታቸው ድንኳን ይታየኛል። እዚህ ከተቀየሙ ራስጌው ቢያልቅ የሚገጠምበት አልጋ አይኖርም።

ጋሽ ቶለሳ በቀስታ ተናገሩ። «አቶ ዘለቀ… ዛሬ አልነሣልዎትም። ይቅር ይበሉኝ። የእናቷ ዛፍ ነው።»

ፊታቸው በላብ ተነክሯል። በሕይወቴ ያን ያህል ከባድ ሥራ ቁጭ ብሎ የሠራ ሰው አላየሁም።

አቶ ዘለቀ በሩ ላይ እንደቆሙ ሳንቃውን አዩ፣ አማቻቸውን አዩ፣ ማሽኑን አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። መሐረባቸውን አውጥተው አግዳሚው ላይ ያለውን ብናኝ ጠረጉና ወደ እኔ ቀና አሉ።

«እኔ ብቀመጥስ? ይረዳል?»

«በጣም ነዋ!» አልኩ።

ቀስ ብለው ተቀመጡ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የማሽኑ ድምፅ ከነበረበትም ወረደ። ሁለቱ አባቶች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ቅጠሉ እየታጠፈ፣ እየቀጠነ፣ ጫፉ ጋ እየደረሰ ሄደ። ህይወት ሻይ ይዛ ብቅ ስትል ሁለቱም ገና ሰውነታቸውን ከፍ ከማድረጋቸው፣ «ቁጭ!» ብዬ ጮኽኩ። ህይወት ራሷ ደንግጣ ከነትሪው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

ትንሽ ቆይቶ አቶ ዘለቀ፣ «ዛፉ ትልቅ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ትልቅ ነበር» አሉ ጋሽ ቶለሳ። «ከሸንኮራ ማሳ ስመለስ ከሩቅ የማየው እርሱን ነው። ከሥሩ ነጭ ነገር ካየሁ፣ ነጠላዋ ነው፣ አለች ማለት ነው። ትራክተሩን በቶሎ እነዳለሁ።» ወደ አማቻቸው ዞሩ። «እርስዎስ ባለቤትዎ ደህና ናቸው?»

«የልጅ ሰርግ ላይ ደህና የሆነች እናት አይተው ያውቃሉ? ከመጋረጃው ጋር ስትጣላ ነው የከረመችው።»

ጋሽ ቶለሳ ሳቁ። ሳቃቸው ጠረጴዛውን ነቀነቀው፤ ልሞት ነበር፤ ሞተሩ ግን ቻለው። እንዲያው ስለ ልጅ፣ ስለ በሬ፣ ስለ ወንጂ ሙቀትና ስለ ቢሾፍቱ ብርድ አወሩ። ከሽምግልናው ወዲህ እንዲህ ሲያወሩ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። መነሣት ስላልቻሉ ማውራት ቻሉ።

ማሽኑ የመጨረሻውን ቅጠል ጫፍ ነክቶ ፑንታውን ወደ ላይ አነሣ። ቆመ። ብናኙን በብሩሽ ጠረግኩ። ቅጠሎቹ ከአገዳው እየወጡ ጎንበስ ይላሉ፤ መጨረሻቸው ከመጀመሪያቸው የተገናኘበትን ቦታ በጥፍሬ ብፈልግ አጣሁት። የዋንዛው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ደስ አለኝ ማለት አይገልጸውም።

«አለቀ?» አሉ ጋሽ ቶለሳ።

«አለቀ ጋሼ።»

«ብነሣ ምንም አይሆንም?»

«ምንም አይሆንም።»

እንደተቀመጡ ወደ አቶ ዘለቀ ዞሩ። «እንግዲያው ይግቡ» አሏቸው።

እኔ አልገባኝም፤ አቶ ዘለቀ ግን ወዲያው ገባቸው። ተነሡ። ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ኮታቸውን አራገፉ፣ ህይወትን ተሻግረው ከበሩ ወጡ። ግቢው መሐል ደርሰው ዞሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና አሁን ገና ከቢሾፍቱ እንደደረሰ እንግዳ «እንደምን ዋላችሁ ቤቶች!» ብለው ገቡ።

ጋሽ ቶለሳ ተነሡ። ጉልበታቸው ቀኑን ሙሉ አጠራቅሞ ያቆየውን ሁሉ አወጡት፤ ጭንቅላታቸው ቆርቆሮውን ሊነካ ምንም አልቀረው። «ኖር! ኖር! ኖር!» እጃቸው ተዘረጋ።

«ኧረ በእግዜር! ኧረ ስሞት፣ ይቀመጡ!»

«አልቀመጥም!»

ተቃቅፈው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ አንዱ ሊለቅ ሲል ሌላው እየያዘ ቆዩ። ህይወት ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። እኔ ሞተር ስገጣጥም፣ ቁጥር ስለዋውጥ፣ ጉልበት ስጨምርና ስቀንስ ከርሜ ያላገኘሁትን ጸጥታ እኒህ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ሰጡኝ። አንዱ ክብር መስጠቱን ለአንድ ቀን ተወልኝ፣ ሌላው ክብር መቀበሉን ተወልኝ። ለሁለቱም ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጋሽ ቶለሳ አማቻቸውን ለቀው ወደ እኔ ዞሩ። «ተባረክ ልጄ» አሉኝ። በዓለም ላይ መነሣት የሚገባው ሰው ቢኖር ለእኔ ያን ጊዜ እርሳቸው ነበሩ። ግን ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ነው የዋልኩት። ስለዚህ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩና ተነሣሁላቸው።